የአቶ ይሻው ማርሽ

ምንም ከመነካቱ በፊት የማርሹ ዘንግ ከታች ከሚዞርበት ኳስ እስከ ላይኛው መያዣ ሠላሳ ሴንቲሜትር ነበር። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲሳብ መያዣው ዐሥራ ሦስት ሴንቲሜትር ይጓዛል። በላዩ ላይ ከተቀረጹት ቁጥሮች የሚነበበው የአራት ቁጥር ብቻ ነው፤ ሌሎቹን የአቶ ይሻው መዳፍ ፈግፍጎ ጨርሷቸዋል። መኪናው ነጭ ዲኤክስ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ባለው ግቢያቸው፣ ከዋናው ቤት በስተግራ በተቀጠለ የቆርቆሮ ጥላ ስር ያድራል። አቶ ይሻው ዕድሜ ልካቸውን ማታ ሲገቡ በኋላ ማርሽ ነበር የሚያስገቡት፤ ጠዋት ቀጥ ብሎ ለመውጣት። ከጥር ወዲህ ግን የመኪናው አፍንጫ ወደ ግድግዳው ሆኖ ማደር ጀምሯል። ማታ የደከመ እጅ የኋላ ማርሽ አያስገባም፤ ጠዋት ግን ዐርፎ ይነሣል።

ይህን ያስተዋለችው ልጃቸው ማስተዋል ናት። በከተማው ዳር ባለ የአየር ሁኔታ ጣቢያ ታዛቢ ሆና ትሠራለች። የዘነበውን ውኃ፣ ሙቀቱን፣ ነፋሱን በሰዓቱ እየለካች ታስተላልፋለች። ሥራው ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማራት ነገር መሣሪያው ያሳየውን እንጂ እሷ የጠበቀችውን አለማስተላለፍ ነው። አንዳንድ ቀን የጉና ተራራ በደመና ተሸፍኖ፣ ከተማው ሁሉ ዘነበ እያለ፣ መለኪያው ውስጥ ጠብታ አይገኝም። ያን ቀን የምታስተላልፈው ዜሮ ነው።

በየካቲት አባቷን ይዛ ባሕር ዳር ሄዳ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው። የአቶ ይሻውን ቀኝ እጅ ገልብጦ አየ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል የጎደጎደውን ቦታ በጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ ክንዳቸውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገና "ይልበሱ አባቴ" ብሎ ማስተዋልን ወደ ኮሪደሩ ጠራት። ክፉ ወሬ ለታማሚው ፊት ለፊት አይነገርም። ለቤተሰብ ይነገራል፤ ቤተሰብ ደግሞ ቀንና ሰው መርጦ ያደርሳል፣ ወይም አያደርስም።

"ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች እየሞቱ ነው" አላት ሐኪሙ። "በቀኝ እጃቸው ጀመረ እንጂ እዚያ አይቆምም። የሚመልሰው መድኃኒት የለም። አልደብቅሽም፣ ደግሜ መርምሬያለሁ።"

"መኪና ይነዳሉ።"

"እስከቻሉ ድረስ ይንዱ። መቼ እንደማይችሉ ከማንም በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።"

ስትመለስ አቶ ይሻው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይቆልፉ ነበር።

"ምን አለሽ?"

"ጅማት ነው አለ አባዬ። ቫይታሚን አዞልዎታል።"

"ጅማት" አሉ። የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፉና ተነሡ።

ማስተዋል በዚያው ዕለት እብናት ለሚኖሩት ለአክስቷ ደወለች። እትዬ እቴነሽ የአቶ ይሻው ታናሽ እኅት ናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና "እንዳትነግሪው!" አሉ። "ሰምተሽኛል? እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መሞት ይጀምራል። ሁዳዴ ላይ ነን። ፋሲካ ይለፍና እኔው መጥቼ፣ ንስሐ አባቱን አባ ገብረየሱስን ይዤ፣ በወጉ፣ በጠዋት እንነግረዋለን። እስከዚያ ጅማት ነው። ጅማት!"

ስለዚህ ጅማት ሆነ። ግን ማስተዋል የዚህን ቃል ዕድሜ ታውቀዋለች። አቶ ይሻው ከደብረ ታቦር እብናት ሰው በመጫን ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት፤ ጡረታ ወጣሁ ካሉ በኋላ እንኳ ከዲኤክሱ ወርደው አያውቁም። ለፋሲካ እኅታቸውን ከእብናት የሚያመጡት ራሳቸው ነድተው ነው፤ በየዓመቱ። መሪው በእጃቸው እስካለ ድረስ ጅማት የሚለው ቃል ይሠራል። መሪውን የለቀቁ ዕለት ግን ለምን ብለው ይጠይቃሉ፣ ያኔ ደግሞ ዓይናቸውን እያዩ መዋሸት አይቻልም። እስከ ፋሲካ መኪናው በእሳቸው መነዳት ነበረበት።

መጋቢት ሲገባ አንድ ጠዋት ከግቢው ሲወጡ ሦስተኛ ማርሽ አልገባ አላቸው። በትከሻቸው ጎንበስ ብለው፣ መላ አካላቸውን አስከትለው ገፉት። ገባ። ማስተዋል ከጎናቸው ተቀምጣ ነበር። እንዳየች አወቁ።

"ይኼ ማርሽ ራቀኝ" አሉ።

---

የእሸቴ ጋራዥ ከመናኸሪያው በታች ነው። እሸቴ መካኒክ ነው፣ አፉ ከእጁ አይዘገይም።

"ራቀኝ? ጋሽ ይሻው ናቸው እንዲህ ያሉት? የእብናትን መንገድ ተኝተው የሚነዱ ሰውዬ?"

"ትከሻቸውን ያማቸዋል። ጅማት ነው።"

እሸቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አያት። "እሺ" አለ፣ "ጅማት ይሁን።"

ስልኩን አወጣና አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች የሚለቁትን ቪዲዮ አሳያት። አንድ ጎረምሳ ክንዱን ሳያንቀሳቅስ፣ በእጁ አንጓ ብቻ፣ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ማርሽ ይቀይራል። "አጭር ማርሽ ይሉታል። ለፍጥነት ነው የሚያስገጥሙት። እውነቱን ብነግርሽ ለጉራ ነው።"

በቴሌግራም የሚሸጠው መለዋወጫ ከአንድ ዓይነት በላይ ነበር። ማስተዋል የሁሉንም መጠን እየጠየቀች በጣቢያዋ በምትሠራበት መንገድ አንድ በአንድ አየችው። አንደኛው ከላይ ብቻ ያጠረ ነው። "ይኼንንማ እኔም በመጋዝ ቆርጬ እሰጥሻለሁ" አለ እሸቴ። ሌላው በብሎን ከፍና ዝቅ የሚል ነው። እሸቴ እሱን ገና ሳያይ ተወው። "ብሎን በኮረኮንች ላይ ይላላል። እብናት ሳይደርሱ ማርሹን ነቅለው በእጃቸው ይይዙታል።" የቀረው የዱባይ ዕቃ ነው፤ አንድ ወጥ ብረት፣ ኳሱ ወደ ላይ ከፍ ያለ። ከኳሱ በላይ ሃያ አራት ሴንቲሜትር፣ ከኳሱ በታች ስምንት።

እሸቴ የአሮጌውን ዘንግ ላስቲክ ገልጦ ነቀለላት። ከኳሱ በታች ያለው ስድስት ነበር። ማስተዋል ቁጭ ብላ አሰላች። ዐሥራ ሦስት ሴንቲሜትር ይጓዝ የነበረው ወደ ስምንት ገደማ ይወርዳል። ከዚያ ዘንጉን አስመልሳ፣ ይዛ የመጣችውን ባለመንጠቆ ሚዛን አንገቱ ላይ አሰረችና ማርሹ እስኪገባ ሳበች። መርፌው ሦስት ኪሎ ላይ ደረሰ።

"አጭሩ አምስት ይሆናል" አለች።

"ምኑ?"

"የሚፈልገው ጉልበት። መንገዱ ባጠረ ቁጥር ይከብዳል።"

"አምስት ኪሎ እኮ የፋሲካ ዶሮ ሁለቱን አንድ ላይ ማንጠልጠል ነው።" ሚዛኑን ተቀብሏት በአንድ ጣቱ ሳበው፤ መርፌው ዐሥርን አለፈ። "ይኸው። እሳቸውስ ስንት ይስባሉ? አምጫቸውና እናስይዛቸው።"

"ምን ብዬ?"

እሸቴ ሚዛኑን መለሰላት። አባትን "እስቲ ጉልበትዎን ልለካ" ማለት የሚቻል ነገር አልነበረም። ያውም አቶ ይሻውን፤ ውኃ እንኳ ስታቀብላቸው በሁለት እጇ ይዛ የምታቀብላቸውን ሰው። ደግሞም ሚዛን ማስያዝ ማለት መንገር ማለት ነው።

"ሌላም አለ" አለ እሸቴ ድምፁን ቀነስ አድርጎ። ጣቱን ዘይት ውስጥ ነክሮ ሲሚንቶው ላይ ሣለላት። "ከማሳጠር ይልቅ ላስረዝመው። አሁን ካለው በግማሽ ያህል። ካስረዘምኩት በኋላ በእሳት አግዬ ወደ መቀመጫቸው አጥፈዋለሁ። እጃቸውን ሳይዘረጉ ያገኙታል። መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ቀላል ይሆናል። እንዳልሽው ከሆነ…"

"ሁለት ኪሎ" አለች ማስተዋል። "ምን ይመስላል?"

እሸቴ ሥዕሉን አየው። "ምን ይመስላል… ምርኩዝ ነው የሚመስለው።"

ማስተዋል በሐሳቧ መናኸሪያው አጠገብ የቆመውን ዲኤክስ፣ በመስኮቱ ጎንበስ የሚሉትን ጓደኞቻቸውን፣ ከመቀመጫው መካከል የቆመውን ምርኩዝ አየች። ያየ ሁሉ ይጠይቃል። አጭሩን ያየ ግን ይስቃል። አባቷ ደግሞ ራቀኝ ነው ያሉት። ከበደኝ አላሉም።

"አጭሩን እናዝዘው" አለች።

እሸቴ በጨርቁ ሥዕሉን ጠረገው። "እንዳልሽ።"

---

ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። እሸቴ በአንድ ከሰዓት ገጠመው። አቶ ይሻው ሊረከቡ ሲመጡ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቀኝ እጃቸውን ኪስ ውስጥ ከትተው ነበር። በመስኮቱ አዩና ሳቁ።

"ጎረምሳ አደረግሽኝ በይኛ!"

"ለትከሻዎ ነው አባዬ። አሁን ሁሉም ይኼንን ነው የሚያስገጥሙት።"

የድሮ የመስመር ጓደኛቸው አቶ ዓለምነው እዚያው ጎማ ሊያስለጥፉ መጥተው ኖሮ ቀረብ አሉ። "ይሻው፣ ውድድር ልትገባ ነው እንዴ?"

"ከማን ጋር?"

"ከኔ ጋር ነዋ።"

"አንተን ለመቅደምማ ማርሽ አያስፈልገኝም። ገፍቼውም እቀድምሃለሁ።"

ተሳሳቁ። አቶ ይሻው ገብተው ተቀመጡ። ሞተሩን ሳያስነሡ ማርሹን በየቦታው አስገቡት። ማስተዋል እጃቸውን ታይ ነበር። በጣቶቻቸው አልያዙትም። ሲገፉ በመዳፋቸው ታች ገፉ፤ ሲስቡ የእጃቸውን አንጓ ከዘንጉ ጀርባ አጥፈው፣ በክንዳቸው ሳቡ። አዲስ ነገር ስለሆነባቸው ነው ብላ አሰበች። ያየችውን ሳይሆን የጠበቀችውን መዘገበች፤ ጣቢያው ውስጥ ይህን ያደረገ ታዛቢ ሥራውን ያጣል።

"እንዴት ነው?" አለ እሸቴ።

"ቅርብ ነው" አሉ አቶ ይሻው። "እጅግ ቅርብ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።"

ከተማው ውስጥ ጥቂት ቀን ነዱት። ሜዳው ላይ ሁለተኛ ካስገቡ ሳይቀይሩ ረዥም መንገድ ይሄዳሉ። ባጃጆች በግራም በቀኝም እያለፏቸው ጥሩንባ ይነፋሉ። ማስተዋል በየጠዋቱ ወደ ጣቢያው ስትወጣ ጥላው ስር ያለውን መኪና ታያለች፤ አፍንጫው አሁንም ወደ ግድግዳው ነው።

---

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። እትዬ እቴነሽን ለማምጣት ወደ እብናት ወረዱ። ማስተዋል ከጎናቸው ተቀምጣለች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ መሬቱ አንዴ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል፤ ጭድ የጫኑ አህዮች ወደ ገበያ ይወርዳሉ። አቶ ይሻው ደስ ብሏቸው ነበር። በየመታጠፊያው ድሮ ማን የት እንደወረደ፣ ማን ሳይከፍል ዘሎ እንደጠፋ ያወራሉ።

ቁልቁለቱ በሚበረታበት ቦታ ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ መመለስ ነበረባቸው። ፍሪሲዮኑን ረገጡ። አንጓቸውን አጥፈው ሳቡ። ማርሹ ከሦስተኛ ወጣ፣ ሁለተኛ ግን አልገባም። ደግመው ሳቡ። እጃቸው ከብረቱ ተንሸራቶ ጭናቸው ላይ ወደቀ። መኪናው ማርሽ ስላልያዘው ፈጥኖ መውረድ ጀመረ። ፍሬን ያዙ፤ ወደ ዳር አወጡት፤ ጠጠሩ እየተንኮሻኮሸ ቆመ። ከኋላቸው የነበረ የጭነት መኪና ጥሩንባውን አላቆም ብሎ በአጠገባቸው አለፈ።

"አባባ፣ ካልቻሉ ይሽጡት!" አለ ረዳቱ ከላይ ሆኖ።

አቧራው አለፈ። ከዚያ አቶ ይሻው ግራ እጃቸውን ከመሪው ላይ አንሥተው፣ በደረታቸው ላይ አሻግረው ማርሹን ያዙና ሁለተኛ አስገቡት። ያለ ችግር ገባ። ግራ እጃቸውን ወደ መሪው መለሱ፤ መኪናውን ግን አላስነሡትም።

"አሁንማ አይርቅም" አሉ። "ጉልበቴ ስር ነው ያለው።"

አጭሩን ዘንግ በግራ እጃቸው ነካ አደረጉት።

"ድሮም አልራቀኝም ነበር።"

"ታዲያ ለምን ራቀኝ አሉኝ አባዬ?"

"ለልጄ ከበደኝ ልበላት?"

ከታች ከገደሉ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ በሬ የሚነዳ ሰው ነው። አቶ ይሻው ያዳምጡት ይመስል ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ።

"ባሕር ዳር ያ ልጅ ኮሪደር ላይ ምን አለሽ?"

"ጅማት…"

"ማስተዋል።" ሙሉ ስሟን የሚጠሩት ከስንት አንዴ ነው። "ስትመለሺ ፊትሽን ታጥበሽ ነበር። ለቫይታሚን ፊት አይታጠቡም።"

ነገረቻቸው። ሐኪሙ እንዳለው፣ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። ዓይኗ የፊት መስታወቱ ላይ ነበር። ስትጨርስ አቶ ይሻው አንድ በአንድ ጠየቁ።

"ግራዬስ?"

"እሱም በኋላ።"

"እግሬ?"

"እሱም።"

"ልቤን ይነካዋል?"

"ልብ አይነካም። መጨረሻው ትንፋሽ ነው አለ።"

"ጭንቅላትስ?"

"አይነካም አባዬ።"

"እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ ማለት ነው።" ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንሥተው መሪው ላይ አኖሩት። "እቴነሽ ሰምታለች?"

"ሰምተዋል። ከፋሲካ በኋላ በወጉ ልንነግርዎ ነበር። ከአባ ገብረየሱስ ጋር።"

"ለዚህ ነዋ በሁዳዴ እየደወለች ብላ፣ ብላ የምትለኝ። በግ መሰልኳት።" ሊስቁ ነበር፤ አልመጣላቸውም። ግራ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ማስተዋል ወደ ራሷ መስኮት ዞረች። አባቷን ሲያለቅሱ ማየት አልነበረባትም፤ አላየችም። ዘለግ ያለ ጊዜ መንገዱ ዳር ባለ አንድ የግራር ዛፍ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆየች።

"በይ ግራ እጅሽን አምጪ" አሉ በመጨረሻ።

ማርሹ ላይ አኖረችው። የእሳቸው ቀኝ እጅ መጥቶ በእጇ ላይ ዐረፈ። ክብደት አልነበረውም።

"እኔ እረግጣለሁ፣ አንቺ ታስገቢያለሽ። ስጠራልሽ እንጂ ቀድመሽ አይደለም። አንድ።"

ወደ ፊት ገፋች። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

"ሁለት። ቀስ… እንዲያ። ሳታንገጫግጪ። ካምቢዮው አሮጌ ነው፣ ይከፋዋል።"

እስከ እብናት በዚህ ዓይነት ወረዱ። በየመታጠፊያው "ሦስት"፣ "ሁለት"፣ እንደገና "ሦስት" ይላሉ። ወሬው ቆመ፤ የሚሰማው ቁጥሩ ብቻ ነበር።

እትዬ እቴነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። መኪናው ሲቆም መጀመሪያ ያዩት ማርሹ ላይ የተደራረቡትን ሁለት እጆች ነው። ከዚያ የማስተዋልን ፊት አዩ።

"ወንድምዓለም" አሉ።

"አባ ገብረየሱስን አታስቸግሪያቸው" አሉ አቶ ይሻው። "ሰምቻለሁ።"

እትዬ እቴነሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው እዚያው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ። "በመንገድ ላይ?" አሉ ማስተዋልን። "እንደ ባዳ፣ በመንገድ ላይ ነገርሽው?"

"ጠይቄያት ነው" አሉ አቶ ይሻው። "ተነሺ በይ፣ ጎረቤት ያየናል። ዕቃሽ የታል?"

---

ፋሲካው እንደነገሩ ዋለ። በማግስቱ ሳይሆን ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ አቶ ይሻው እሸቴ ጋራዥ ሄዱ። መኪናውን የነዳችው ማስተዋል ነበረች።

"እሸቴ፣ ያን ምርኩዝ ሥራልኝ።"

እሸቴ ወደ ማስተዋል ዞረ። እሷ ነገርኳቸው በሚል ራሷን ነቀነቀች።

"ምርኩዝ አይመስልም ጋሼ፣ እኔ እንዲያው…"

"ቢመስልስ? ምርኩዝ አይደል የሚያስፈልገኝ?"

እሸቴ አሮጌውን ዘንግ ከማስቀመጫው አወጣና የብረት ቱቦ በየደ፣ በእሳት አጋለ፣ አቶ ይሻውን መቀመጫቸው ላይ አስቀምጦ በእጃቸው ልክ አጠፈው። ከኳሱ እስከ መያዣው አርባ አምስት ሴንቲሜትር ሆነ። ቁጥሮቹ የጠፉበትን አሮጌ መያዣ መልሶ ከላይ ሰካው። ማስተዋል ሚዛኑን አሰረች። ሁለት ኪሎ ላይ ማርሹ ገባ።

"አምጪው እስቲ" አሉ አቶ ይሻው።

"ምኑን?"

"ሚዛኑን። ማርሹን ስትለኪ እኔን ለምን አትለኪኝም?"

ማስተዋል የሚዛኑን ላይኛ ቀለበት በሁለት እጇ ያዘች። እሳቸው መንጠቆውን በጣቶቻቸው አጥፈው ያዙና ሳቡ። የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ።

"ሦስት መቶ ትርፍ አለኝ" አሉና ለቀቁት። ከዚያ እሸቴ እየሰማ ለልጃቸው ነገሯት፦ "በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ትለኪኛለሽ። ከሁለት የወረደ ዕለት ቁልፉ ያንቺ ነው። እኔ አልለምንሽም፣ አንቺም አታዝኚልኝም። ተስማማን?"

"ተስማማን አባዬ።"

መናኸሪያው ላይ እንደተፈራው ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ አየው። አቶ ዓለምነው የተቆለመመውን ብረት ተመልክተው ሊቀልዱ አፋቸውን ከፍተው፣ የጓደኛቸውን እጅ አዩና ተዉት። አቶ ይሻው ራሳቸው ቀለዱ፦ "ማርሼ እንኳ አርጅቶ ጎበጠ።" ማንም አልሳቀም፤ እሳቸው ግን ቁልፉን አዙረው ሄዱ።

ሰኔና ሐምሌን ነዱ። ጭቃው ሲበረታ ቀስ ብለው፣ ጉም ሲወርድ መብራት አብርተው። እትዬ እቴነሽን ሁለት ጊዜ አደረሱ። አንድ ማታ ማስተዋል ከጣቢያው ስትመለስ መኪናው እንደ ድሮው በኋላ ማርሽ ገብቶ፣ አፍንጫው ወደ በሩ ሆኖ ቆሞ አገኘችው። ዝናቡ ውስጥ ቆማ ጥቂት አየችው። በየእሑዱ ሚዛኑን ትይዛለች፤ በየእሑዱ ትርፉ ይቀንሳል። በቡሄ ማግስት መርፌው ልክ ሁለት ላይ ቆሞ ነበር፤ ለሁለት እሑድም ከዚያው አልተነቃነቀም። ማስተዋል ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል ብላ ማሰብ የጀመረችው ያኔ ነው።

የጳጉሜን እሑድ ካፊያ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አቶ ይሻው ነጠላቸውን ሳያወልቁ የቆርቆሮው ጥላ ስር ተቀመጡ። መነጽራቸው ቤት ውስጥ ነበር። ማስተዋል ልታመጣላቸው ስትነሣ "ተዪው" አሉ፤ "አንቺ ታነቢልኛለሽ።"

ቀለበቱን በሁለት እጇ ያዘች። እሳቸው ሳቡ። ትከሻቸው ሳይቀር ሳበ። መርፌው ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ማስተዋል መርፌውን አየች። ከዚያ አባቷን አየች፤ እሳቸው የሚያዩት መርፌውን ሳይሆን እሷን ነበር። የመኪናው ቁልፍ ግራ መዳፋቸው ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

"ስንት አለ?"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይንጣጣል። ሁለት ማለት ትችል ነበር።

"አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ" አለች።